ስትቆም የምትጠፋው መኪና

አንድ ሰው አሮጌ መኪና ነበረችው። ከአባቱ የወረሳት፣ ክሬም ቀለም ያላት፣ አርባ ዓመት ያለፋት መኪና ናት። በየቅዳሜው ያጥባታል፤ ሲያጥባትም ያዋራታል ይባላል። መንገድ ላይ ስትወጣ አንጀት ታርሳለች። ዳገቱን ሳታቃስት ትወጣለች፤ ትናንት የተገዙትን መኪኖች ጥላ ታልፋለች። አንድ ጉድ ብቻ ነበረባት። ስትቆም ትጠፋለች።

ጥያቄሽን ረስቼ ስለ መኪና የማወራ እንዳይመስልሽ፣ ልጄ። «አባ፣ ለማኅበር ለዕድር ስሮጥ ደህና ነኝ፤ ቤቴ ገብቼ ስቀመጥ ነው የሚከፋኝ። ልጆቼ ላይ እጮኻለሁ። ሌላ አገልግሎት ልጨምር ወይ?» ብለሽኛል። ሰምቼሻለሁ። አሁን ደግሞ አንቺ ስሚኝ።

መካኒኮች «ሚኒሞ» የሚሉት ነገር አለ። መኪና ቆሞ፣ ሹፌሩ እግሩን ከነዳጅ መስጫው አንስቶ፣ ሞተሩ ብቻውን በቀስታ ሲተነፍስ ማለት ነው። ይህችን መኪና ያቃታት እሱ ነበር። መብራት ሲይዛት ትንቀጠቀጥና ፀጥ። እግረኛ ላሳልፍ ሲል ፀጥ። ከኋላ ያለው ሁሉ ይሳደባል፤ እሱ ደግሞ ላብ እያጠመቀው ቁልፍ ያዞራል።

ሰውየው ዘዴ አበጀ። መቼም ሰው ችግሩን ከመመርመር ዘዴ ማበጀት ይቀለዋል። ቀኝ እግሩን አጣሞ በተረከዙ ፍሬን፣ በጣቶቹ ነዳጅ እየረገጠ፣ ቆሞ ሞተሩን ማስጮህ ለመደ። ቀጥሎም ጭራሽ አለመቆምን ለመደ። ድሮ ሽማግሌ ሲያይ የሚቆም፣ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ «እንደምን አደሩ? ልጆቹስ ደህና ናቸው?» የሚል ሰው፣ ሰላምታውን በክላክስ አደረገው። ጲጵ ብሎ ያልፋል። ሰፈርተኛው «መኪና ልቡን አሳበጠችው» ብሎ አማው። በአርባ ዓመት መኪና የሚያብጥ ልብ ካለ እንግዲህ ይታይሽ።

ይህ ሰው ሚስት ነበረችው። ጉልበቷን ታምማ እሩቅ መራመድ ስለማትችል ቤተ ክርስቲያን የምትስመው፣ ለቅሶ የምትደርሰው፣ እህል ውኃ የተቋደሰችውን ወዳጅ ሁሉ የምትጠይቀው በዚያች መኪና ነው። አንድ ቀን ሁለቱ ሲሄዱ የቀብር ሰልፍ ገጠማቸው። ሟቹ የአባቱ ባልንጀራ የነበሩ ሰው ናቸው። እንደ ወጉ ዳር ይዞ ቆመ። ቆመ እንጂ እግሩን ማንሳት ፈራ። ቢያነሳ መኪናዋ ትጠፋለች፣ ሰው በሞላበት መንገድ ላይ ትገተራለች። ስለዚህ ነዳጁን ረገጠ። አስከሬኑ በአጠገቡ ሲያልፍ ሞተሩ ያጓራል። አልቃሾቹ ሙሾውን አቋረጡ። የሟቹ ባለቤት ቀና ብለው አዩት።

ሚስቱ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ቤት ሲደርሱ እንዲህ አለችው፦

«ጠፍታብህ ወርደህ ብትገፋት ይሻለኝ ነበር። ከዛሬ ወዲያ በዚች መኪና አልሳፈርም።»

ቃሏንም ጠበቀች። ሁለት ወር ሙሉ ከግቢዋ አልወጣችም። ከደጃፏ ዱካ ላይ ተቀምጣ የቤተ ክርስቲያኑን ደወል ከሩቅ ስትሰማ፣ ሰውየው በመስኮት ያያታል። ሌላ መኪና የሚገዛበት አቅም የለውም፤ እሷን የሚያደርስበት ሌላ መላም የለውም።

መካኒክ ቤት መመላለስ ጀመረ። የመጀመሪያው ካቻቢቴውን ሰክቶ አንዲት ብሎን አጠበቀና ሚኒሞውን ከፍ አደረገለት። መኪናዋ አንድ ሳምንት ቆማ እየጮኸች ሰነበተች፤ ከዚያ እንደ ልማዷ ጠፋች። ሁለተኛው ካንዴላ ቀየረና ብሎኗን ጨምሮ አጠበቃት። ሦስተኛው ከእሱም የባሰ አጠበቃትና፣ ያም እንዳልሆነ ሲያይ፣ «ካርብሬተሩ አልቆለታል። ቁራሌ ጠርተህ ገላግላት» አለው። ሰውየው ዓይኑ እንባ አቅርሮ ከአንድ ቁራሌ ጋር ለቅዳሜ ተቀጣጠረ።

ሐሙስ ዕለት አንድ የወፍጮ ቤት ሠራተኛ ስለ ጋሽ ዘርጋው ነገረው። ጋሽ ዘርጋው ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ፣ ከአንድ የግራር ዛፍ ሥር የሚሠሩ አዛውንት መካኒክ ናቸው። ሰውየው ተስፋ አድርጎ አልሄደም፤ ኋላ እንዳይቆጨው ብቻ ሄደ።

አዛውንቱ ኮፈኑን አልከፈቱም። መፍቻም አላነሱም። በርጩማ ጎትተው ከመኪናዋ አጠገብ ተቀመጡ።

«አስነሳት» አሉት። አስነሳት።

«እግርህን አንሳ።»

«ጋሼ፣ ትጠፋለች።»

«ትጥፋ።»

«አንዴ ከጠፋች እኮ ...»

«ስትጠፋ ልስማት እንጂ! ዓመት ሙሉ በጩኸት አፍነሃት፣ ሕመሟን በየት በኩል ትናገር?»

እግር ማንሳት ይህን ያህል ይከብዳል ብሎ አስቦ አያውቅም። ቀስ ብሎ አነሳ። መኪናዋ ተንቀጠቀጠች፣ ተንገዳገደች፣ ጠፋች። «ድገም» አሉት። ደገመ፤ ጠፋች። በሦስተኛው ጋሽ ዘርጋው ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጡ፤ ከመጥፋቷ በፊት አንድ ቀጭን ፉጨት ነበረች። ያኔ ነው ተነስተው ኮፈኑን የከፈቱት። ሞተሩ እንደገና ሲነሳ ብሩሽ ዘይት ውስጥ ነከሩና ነዳጁን ከአየር የሚቀይጠው ካርብሬተር ከሞተሩ ጋር የሚገናኝበትን መጋጠሚያ ዙሪያውን ቀቡት። ብሩሹ አንድ ጥግ ላይ ሲደርስ ፉጨቱ ቆመ። መኪናዋም ድንገት ረጋ ብላ መተንፈስ ጀመረች። ሰውየው ጆሮውን አላመነም።

«አየር እንዳያልፍ መሐሉን የሚደፍነው ወረቀት፣ ጓርኒሲዮኑ፣ ተሰንጥቆ ነው» አሉ ጋሽ ዘርጋው። «አየር በስርቆት ይገባል። ስትሮጥ ብዙ ስለምትተነፍስ ያቺ ቅንጣት አየር አትታወቃትም። ስትቆም ግን የምትኖረው በትንሽ ትንፋሽ ነው፤ ያቺው ቅንጣት ትገድላታለች።»

ነገርን ከሥሩ ውኃን ከጥሩ ይሏል ይኼ ነው። ደግሞ እጃቸውን ብታዪ! ዘይቱ ለምርመራ ነው እንጂ መድኃኒት አይደለም ብለው ካርብሬተሩን ፈቱ። ወፍራም ወረቀት ከብረቱ አፍ ላይ ዘርግተው ጠርዝ ጠርዙን በትንሽ መዶሻ እየኮረኮሩ፣ ያለ ማስመሪያ፣ ያለ መቀስ፣ ልክክ ያለ አዲስ ጓርኒሲዮን አወጡ። ገጥመው ሲጨርሱም ያቺን ሦስቱ መካኒኮች ያጠበቋትን ብሎን መልሰው ላላ አደረጓት። ሰውየው እነዚያን ሲረግም፣ «ተው፣ ጎበዝ ልጆች ናቸው። ማዳመጥ ነው የቀራቸው» አሉት። እኔ እኚህን ሰው ከምንም በላይ የማደንቃቸው በዚህ ነው። የሌላውን ስህተት አቃንተው ስሙን አያነሱም።

መኪናዋ ተነሳች፤ ቆማም ሠራች። ሰውየው ግን እግሩን አየር ላይ አንጠልጥሎ ቀረ።

«ጋሼ፣ እግሬን አሁን ምን ላድርገው?»

«አሳርፈው» አሉት።

ወደ ቤቱ ሲመለስ ሽማግሌ ባየበት ሁሉ እየቆመ ሰላም አለ። የሟቹ ባለቤት ደጃፍ ላይም ቆመ፤ ወርዶ ጉልበታቸውን ስሞ ይቅርታ ጠየቀ። ከግቢው ሲገባ ሚስቱ ከዱካዋ ሳትነሳ፣

«ጠፋችብህ እንዴ? አልሰማኋትም» አለችው።

«አልጠፋችም። ነይ፣ እጅሽን አሳርፊባት።»

እያነከሰች መጥታ መዳፏን ኮፈኑ ላይ አኖረች። ከሥሩ ቀስ ያለ ትርታ ተሰማት። ነጠላዋን ልታመጣ ገባች። ቅዳሜ ቁራሌው ማዳበሪያውን አንጠልጥሎ ሲመጣ ባልና ሚስቱ ቤት አልነበሩም፤ እሷ ሁለት ወር የቀረችበትን ለቅሶ ሊደርሱ ሄደው ነበር።

እንግዲህ ልጄ፣ መኪናዋ አንቺ ነሽ። ዳገት ላይ ማን ይደርስብሻል? ማኅበሩም ዕድሩም ይመሰክርልሻል፤ እኔም እመሰክራለሁ። ሌላ አገልግሎት ልጨምር ወይ ያልሽኝ ግን ያቺን ብሎን ማጥበቅ ነው። ብትጨምሪ አንድ ሳምንት ደህና ትሆኛለሽ፤ ከዚያ ልጆችሽ ላይ ድምፅሽ ብሶ ይወጣል። አገልግሎቱን ተዪ አላልኩሽም፤ መኪና ለመንገድ ነው የተሠራችው። ብቻ ዛሬ ማታ ቤትሽ ስትገቢ እግርሽን አንሺ። ይክፋሽ። እንባም ከመጣ ይምጣ። ስትጠፊ ምን እንደሚያፏጭብሽ ስሚው።

ቀዳዳው የት እንደሆነ እኔ ላውቅልሽ አልችልም። ሆኖም ከመጣሽ ጀምሮ የታናሽ እህትሽን ስም ሦስት ጊዜ ጀምረሽ፣ ሦስቱንም ጊዜ ወሬ ቀይረሻል። የጋሽ ዘርጋውን ያህል ባይሆንም እኔም ጆሮ አለኝ። ቤቷ ከዚህ እሩቅ አይደለም። እባክሽ ደጃፏ ስትደርሺ ክላክስ ነፍተሽ እንዳታልፊ።