የግድግዳው ቤት መስኮት

ድሬዳዋ ውስጥ፣ ከባቡር ጣቢያው ወደ አሸዋው ወንዝ በሚወስደው ጠባብ መንገድ ላይ፣ «ግድግዳው ቤት» የሚባል የታወቀ መጠጥና ምግብ ቤት አለ። ቤቱ በአንድ የድንጋይ ግድግዳ ለሁለት የተከፈለ ሲሆን በግድግዳው ላይ ብርጭቆ ከነእጅ የሚያሳልፍ መስኮት አለው። ሰው ከየሰፈሩ የሚመጣለት መጠጥ «ግማሽ» ይባላል፤ ሲቀርብ ግን ሙሉ ብርጭቆ ነው። ከወዲህ ያለችው ሴት እስከ ወገቡ ትቀዳና በመስኮቱ ታሳልፋለች፤ ከወዲያ ያለችው ትሞላዋለች። በዚያ ቤት አንዲት ሴት ብቻዋን ብርጭቆ ሞልታ ብታቀርብ ነውር ነው። የሰፈሩ ሽማግሌዎች ይህ ልማድ የመጣው ከቅናት ነው ይላሉ።

እንደሚነገረው፣ ባቡሩ ገና በእንፋሎት በሚሄድበት ዘመን ቤቱ አንድ ነበር፤ የያዘችውም አስካለ የምትባል፣ አንዲት ትንሽ ልጅ ይዛ ባሏ የሞተባት ሴት ነበረች። ቤቱ የእሷና ያሳደገችው ታናሽ ወንድሟ የመኩሪያ ነው፤ መኩሪያ ግን ባቡር ላይ ትኬት ተቆጣጣሪ ስለነበረ ከሳምንቱ አብዛኛውን ቀን መንገድ ላይ ነው። አስካለ ወጥም ትሠራ ነበር፤ ሰው የሚመጣላት ግን ለሁመሯ ነው። ሁመር የሚሉትን ጎምዛዛ ፍሬ በዚያ አገር የማይዘፈዝፍ ቤት የለም፤ የአስካለ ግን ሌላ ነበር ይባላል። ስንት ቀን እንደምታቆየውና ከምን ጋር እንደምታጠልለው ለማንም አሳይታ አታውቅም፤ በሩን ዘግታ ነበር የምታጠልለው። ከሁሉ የምትወደው ደግሞ በዚያ ሐሩር የመጣ ሰው ገና የመጀመሪያውን ሲጎነጭ አጠገቡ ቆማ ፊቱን ማየት ነበር። የእንግዳው ግንባር መጀመሪያ ቋጠር፣ ከዚያ ፈታ ሲል ካየች ምስጋና እንኳ አትጠብቅም።

መኩሪያ አንድ ጊዜ ከጅቡቲ ሲመለስ ጸዳለ የምትባል ሚስት ይዞ መጣ። ጸዳለ በወደቡ ከተማ መርከበኞች በሚያዘወትሩት መጠጥ ቤት የሠራች፣ መጠጥ ከመጠጥ አስማምቶ መደባለቅ የምታውቅ ሴት ነበረች። በመጣች በሁለተኛው ሳምንት ከአስካለ ሁመር ቀነስ አድርጋ፣ ከጅቡቲ ይዛ ከመጣችው ጠርሙስ ጨመረችበት፤ ሎሚ ጨምቃ፣ ናና ጣል አድርጋ ለአንድ የጣቢያ ሠራተኛ ሰጠችው። በማግስቱ ሠራተኛው አምስት ባልደረቦቹን አስከትሎ መጣ።

አንድ ቀን አስካለ ሁመሯን ቀድታ ስታቀርብ ከእነሱ አንዱ እጁን በብርጭቆው አፍ ላይ ጋረደና «አቦ እትዬ፣ የኔስ የሙሽራዋ ነው» አላት። አስካለ ብርጭቆውን ይዛ ወደ ጓዳ ተመለሰችና ደፋችው። የሚያንገበግባት የጸዳለ መጠጥ መጣፈጡ አልነበረም፤ ግማሹ የእሷው ሁመር ሆኖ ሳለ ሰው ቀና ብሎ የሚያየው ጸዳለን መሆኑ ነው። በልጅነቱ በነጠላ አዝላ ያሳደገችው መኩሪያ እንኳ ከመንገድ ሲገባ ጫማውን ሳያወልቅ «ጸዳለ፣ እስቲ ያችን ነገር» ማለት ጀምሮ ነበር።

ስለዚህ መኩሪያ ወደ ጅቡቲ በወረደበት ሳምንት አስካለ ግንበኛ ጠርታ ቤቱን እኩል ለሁለት አስከፈለችው ይባላል። ጓዳውና የሁመሩ እንስራዎች በእሷ በኩል፣ ጠርሙሶቹ በጸዳለ በኩል ቀሩ። የአስካለ በር ወደ ፊተኛው መንገድ፣ የጸዳለ ወደ ኋላው ሆነ። መኩሪያ ሲመለስ ሻንጣውን እንደያዘ ግድግዳው ፊት ቆመ።

«የኔ ቤት የቱ ነው?» አለ።

«ሚስትህ ያለችበት ነዋ» አለች አስካለ ከድስቷ ቀና ሳትል። «ሁመር ሲያምርህ ግን በኔ በር ግባ።»

ጸዳለ ያለ ሁመሩ የምትቀዳው መጠጥ ጉሮሮ ይልጥ ጀመር። አስካለ በዚህ ደስ ብሏት ሳትጨርስ ግን ሰዎቹ መላ አገኙ። ከእሷ ግማሽ ብርጭቆ ሁመር ይቀዱና ብርጭቆውን በመዳፋቸው ከአቧራ ከልለው፣ ፀሐዩን ታግሰው፣ ማዕዘኑን ዞረው ወደ ጸዳለ ይሄዳሉ። አስካለ ብርጭቆዬ ከቤት አይወጣም ብላ ከለከለች፤ በማግስቱ ከየቤታቸው ጣሳ ይዘው መጡ። ቤቷ ሰው ገብቶ የሚወጣበት እንጂ የሚቀመጥበት አልሆን አለ፤ ሳቁም ጨዋታውም በግድግዳው ወዲያ ሆነ። የመጀመሪያውን ሲጎነጩ ፊታቸውን የምታየው ጸዳለ ናት።

አስካለ ሁለት ሳምንት ታገሰች፤ ከዚያ የምድጃ ብረቷን ይዛ በሁለት ድንጋዮች መካከል ያለውን ጭቃ ፈልፍላ ጣት የምታሳልፍ ቀዳዳ አበጀች፤ እንዳይታወቅባትም ወንፊቷን ሰቀለችበት። ሰፈሩ በር ዘግቶ በሚያርፍበት የቀትር ሰዓት ወንፊቱን ገለጥ አድርጋ ስታይ፣ ጸዳለ ብቻዋን ሦስት ጽዋ ሁመር ፊቷ ደርድራ ተቀምጣ ነበር። በአንዱ ያለው የአስካለ፣ የቀሩት ሁለቱ ራሷ የዘፈዘፈቻቸው ናቸው። አንዱን ትቀምሳለች፣ ሌላውን ትቀምሳለች፣ ራሷን ትነቀንቃለች፣ የራሷን መሬት ላይ ትደፋለች። በመጨረሻ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። አስካለ በዚያ ቀን ግድግዳው ከተሠራ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ጠግባ በላች ይላሉ። ከዚያ በኋላ ጠጪዎቹ ሲጎነጩም በየቀትሩም ከቀዳዳው አልታጣችም፤ ጸዳለም በየቀትሩ እየሞከረች ሲያቅታት ታያለች።

ባሻ ወልደየስ የሚባሉ የጣቢያው የድሮ ዘበኛ ነበሩ፤ ጉልበታቸውን ያማቸዋል። ሐሩሩ በበረታ አንድ ቀን ግማሽ ብርጭቆ ሁመራቸውን እንደያዙ በአስካለ አግዳሚ ላይ ተቀመጡና አልነሳም አሉ።

«እኔ ማዕዘን መዞር በቅቶኛል» አሉ። «በይ ልጄ፣ በዚያች በወንፊቷ በኩል አቀብዪልኝ።»

«የምን ወንፊት ነው የሚሉት፣ ባሻ?»

«አይ አስካለ። እዚያ ማዶ ተቀምጠን ስንጠጣ ዓይንሽን እናየው የለም እንዴ? አንዳንዴማ ለጤናሽ ብለን ነው የምንጎነጨው።»

አስካለ የምትገባበት ጠፋት። ነገሩ በዚህም አላበቃ፤ ከግድግዳው ወዲያ የጸዳለ ድምፅ መጣ።

«እኔስ ከተፈለፈለበት ቀን ጀምሬ አውቃለሁ፣ እትዬ። ጭቃው የወደቀው እኮ በኔ በኩል ነው።»

አስካለን እንደ ጦር የወጋት ዓይኗ መታየቱ አልነበረም። ያን ሁሉ ቀትር ያየችው ትዝ አላት። ጸዳለ እንደምትታይ እያወቀች ከነበረ፣ ያ ሁሉ መቅመስና መድፋት፣ ያ በነጠላ ፊትን መሸፈን ምን ነበር? እውነት አቅቷት ነው፣ ወይስ አስካለ ጠግባ እንድትበላ ብላ?

«ሁመሩንስ?» አለች ወደ ግድግዳው ተጠግታ፣ ቀስ ብላ። «ያ ሁመርስ፣ ጸዳለ?»



«ብርጭቆው አያልፍም» አለች ጸዳለ። «አስፊው።»

አስካለ የምድጃ ብረቷን አነሳች። ከወዲያም የብረት ድምፅ ተሰማ። ድንጋዩ ሲወጣ የባሻ ብርጭቆ ግማሽ ሆኖ ሄደና ሙሉ ሆኖ ተመለሰ። አስካለ ከረጅም ጊዜ በኋላ የሰው ፊት ልታይ ከአጠገባቸው ቆመች፤ ባሻ ግን ብርጭቆውን ወደ አፋቸው አስጠግተው ቆም አሉ። በመስኮቱ የጸዳለ ዓይን ያፈጣል።

«ሁለታችሁም ካያችሁ፣» አሉ፣ «እንግዲህ ልጠጣ?»

ጎነጩና ግንባራቸው ተፈታ። ሁለቱ ሴቶች ግን ባሻን ትተው እርስ በርስ ይተያዩ ነበር ይባላል።

ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት እንዲህ ሲቀዱ ኖሩ። አስካለ ሁመሯን ለጸዳለ አላሳየችም፤ ጸዳለም አሳዪኝ ብላ አልጠየቀቻትም። የቀትሩን ነገር አስካለ ድጋሚ ጠይቃ መልስ እንዳላገኘች የሚናገሩ አሉ፤ መልሱን ፈርታ ድጋሚ አልጠየቀችም የሚሉም አሉ። አስካለ ስትሞት ሰፈሩ ሁመሩም አብሯት ተቀበረ ብሎ አዘነ። ሰባቷ አልፎ ቤቱ ሲከፈት ግን ሁመሩ እንስራው ውስጥ ነበር፤ ጣዕሙም ያው የአስካለ ነበር። ማን እንደዘፈዘፈው ያየ የለም።

ዛሬ ከወዲህ የምትቀዳው የአስካለ የልጅ ልጅ፣ ከወዲያ የምትሞላው የጸዳለ የልጅ ልጅ ናት። ቤቱን ለማደስ የመጣ ባለሙያ ግድግዳው ቢፈርስ አዳራሹ ሰፊ ይሆናል ቢላቸው ሁለቱም እሺ አላሉትም። እንግዳ ሰው ስለዚያ ሁመር ከጠየቀ የአስካለ የልጅ ልጅ ከመቅዳቷ ታቆምና «አያቴ ናት ለእናቴ ያሳየቻት፤ ከመሞቷ በፊት» ትላለች።

በመስኮቱ በኩል ብርጭቆውን የሚቀበለው እጅ ትንሽ ይዘገያል።

«ይሁንልሽ» ይላል ከወዲያ ያለው ድምፅ።