የአያ ጅቦ አዲስ ስልክና የክረምቱ ቋንጣ

አንድ ጊዜ፣ የዱር አራዊት ሁሉ አንገታቸውን ደፍተው መሄድ በለመዱበት ዘመን፣ አያ ጅቦ የሚባል ጅብ ከሚስቱ ከእሜቴ ጅቢትና ከልጆቹ ጋር በአንድ ገደል አፋፍ ላይ ባለ ዋሻ ይኖር ነበር። አራዊቱ አንገታቸውን የደፉት አዝነው እንዳይመስላችሁ። ስልክ እያዩ ነው። ዝንጀሮ ዛፍ ላይ ሆኖ ያያል፣ ከርከሮ ጭቃ ውስጥ ተጋድሞ ያያል፣ ሚዳቋ እንኳ ነብር መጣ አልመጣ የሚለውን ትታ ስልኳን ታያለች። እስካሁን ያልተበላችውም ነብሩ ራሱ ስልክ ላይ ስለሆነ ነው።

አያ ጅቦ ግን የነበረው በላስቲክ የታሰረ ባለቁልፍ ስልክ ነው። ይደውልበታል፣ ይደወልለታል፣ በቃ። ሊያስጨንቀው የሚገባው ነገር ሌላ ነበር፤ ክረምት። በዚያ አገር ክረምት ሲገባ ወንዙ ይሞላል፣ ጭጋጉ ገደሉን ይሸፍናል፣ ጅብ የሚቀምሰው ነገር አያገኝም። ለዚህም ነው እሜቴ ጅቢት በጋውን ሙሉ ከባሏ ጥርስ እየነጠቀች ቋንጣ ስትዘለዝል የከረመችው። ጅብ ቤት ውስጥ ቋንጣ ማቆየት ምን ያህል ትግል እንደሚጠይቅ እናንተው ገምቱት። እሷ ግን ችላዋለች። ዋሻው ውስጥ ከግድግዳ ግድግዳ በተዘረጉት ገመዶች ላይ ቋንጣው ተሰቅሏል፤ ልጆቿ ክረምቱን የሚወጡት በዚያ ነው።

አንድ ቀን በአራዊት እድር ስብሰባ ላይ የአያ ጅቦ ስልክ ጮኸ። ላስቲኩን አስተካክሎ፣ ክዳኑን በመዳፉ ደግፎ «ሃሎ» እስኪል ድረስ ዝንጀሮ ከሳቁ ብዛት ከዛፍ ሊወድቅ ምንም አልቀረው።

«አያ ጅቦ፣ ይህን ስልክ የገዛኸው ከጥፋት ውሃ በፊት ነው እንዴ?»

ስብሰባው በሙሉ ሳቀ። አያ ጅቦም ሳቀ፤ ጅብ ነውና ሳቅ አያጣም። ሆዱ ግን አረረ።

በማግስቱ አንድ ገመድ ቋንጣ አንገቱ ላይ ጠምጥሞ፣ ወንዙን ተሻግሮ ወደ ቀበሮ ሱቅ ገሰገሰ። ቀበሮ ከወንዙ ማዶ ሱቅ ከፍቶ አዳዲስ ስልክ ይሸጣል።

«እንኳን ደህና መጡ፣ ጌታዬ!» አለ ቀበሮ ከወንበሩ ብድግ ብሎ። ዓይኑ ቋንጣው ላይ ነው። «እርስዎን የመሰለ ጌታ እስካሁን በባለቁልፍ ስልክ መኖርዎ ያሳፍራል። አሁን እኮ የት ምን እንደሞተ የሚታወቀው በስልክ ነው። የዱሩ ግሩፕ አለ። ሥጋ ያገኘ ሁሉ ፎቶ አንስቶ እዚያ ይለቀዋል።»

«ሥጋ? በስልክ?» የአያ ጅቦ ለሃጭ ተዝረበረበ።

አስቡት እንግዲህ። ከተራራ ማዶ የወደቀ ከብት የሚያሸት አፍንጫ ፊቱ ላይ እያለ፣ ያውም በነፃ የተሰጠው፣ ሥጋ ማግኛ ሊገዛ ቆመ።

«ዋጋው?» አለ ድምፁን ወፈር አድርጎ።

«ሁለት ገመድ ቋንጣ።»

አያ ጅቦ ገበያ አውቃለሁ ባይ ነው። አህያ ገዝቶ ባያውቅም ሰዎች ሲገዙ አድፍጦ አይቷል። ስልኩን ተቀብሎ አገላበጠው፣ ጎኑን መታ መታ አደረገው፣ ከሥሩ ባለችው ቀዳዳ አጮልቆ ጥርሱን ፈለገ።

«ዕድሜው ስንት ነው?»

«ገና ጥርስ አላወጣም፣» አለ ቀበሮ ሳይስቅ።

«አይራገጥም?»

«እንደ በግ ነው፣ ጌታዬ።»

«እንግዲያው አንድ ገመድ!»

«ኧረ አያዋጣኝም! ልጆች አሉኝ!»

አያ ጅቦ የሚሄድ መስሎ ጀርባውን ሰጠ። ቀበሮ ጠራው። ተመለሰ፣ ተከራከረ፣ እንደገና ሄደ። በመጨረሻ ቀበሮ እያለቀሰ በአንድ ገመድ ለቀቀለት፤ እንባውን የጠረገውም ስልኮቹን በሚወለውልበት ጨርቅ ነበር። አያ ጅቦ ደረቱ ተነፍቶ ወጣ። በሬ የሚገዛ ገበሬ ሁሉ የሚጠይቀውን አንድ ነገር ግን ሳይጠይቅ ቀረ፤ ይህ ነገር ቤቴ ከገባ በኋላ ምን ይፈልጋል አላለም።

«አስቀነስኩት!» እያለ ዋሻው ገባ። «ሁለት ገመድ ያለውን በአንድ!»

እሜቴ ጅቢት ባዶውን ቦታ አየች። «የልጆቼን ቋንጣ ለዚህ ለመስታወት ሰጠኸው?»

«አንቺ ደግሞ ምን ታውቂያለሽ! የሥጋ ማግኛ ነው። ገና ገመድ እስኪጠፋ ድረስ ትሰቅያለሽ።»

ሊያሳያት ቢነካካው አይበራም። ቢልሰው አይበራም። ተመልሶ ወደ ቀበሮ ሮጠ።

«ቻርጅ የለውማ፣» አለ ቀበሮ፣ አሁን ከወንበሩ እንኳ ሳይነሳ። «ቻርጀር ግዛ።»

«ከስልኩ ጋር አይመጣም?»

«ድሮ ይመጣ ነበር። አሁን ለብቻው ነው፣ አያ ጅቦ።» «እርስዎ» የተባለው እስከ ሽያጩ ድረስ ብቻ ነበር።

ቻርጀር ተገዛ። ነገር ግን ገደሉ ላይ መብራት የለም፣ ሶላር ያለው ቀበሮ ነው። ስለዚህ ስልኩ በየቀኑ ወንዙን እየተሻገረ ይሞላል፣ ቋንጣውም አብሮት ይሻገራል። ቀጥሎ ቀበሮ የአያ ጅቦን ጥፍር አየና በሐዘኔታ ራሱን ነቀነቀ። «በዚህ ጥፍር ያለ መከላከያ ትነካካዋለህ?» መከላከያ መስታወት ተለጠፈ። «ከእጅህ ቢያመልጥስ?» ከቨር ተገዛ። እውነትም አመለጠው፣ ያውም ከገደሉ ጫፍ። ከቨሩ ተረፈ፣ ስክሪኑ ግን ደቀቀ፤ እሱም ተቀየረ። ከዚያ የወር የኢንተርኔት ፓኬጅ ገዛ። ሌሎች ጅቦች በአጥንት ሲጣሉ የሚያሳይ ቪዲዮ ሲያይ ውሎ ሲያይ ውሎ፣ ወሩ ገና ሳይጋመስ ፓኬጁ አለቀ።

ከሁሉ የባሰው ምርቃቱ ነው። በዚያ አገር አዲስ ነገር ገዝቶ ወዳጅ ሳያበሉ ማለፍ አይታሰብም። መጀመሪያ «ይመረቅልን!» ያለው ዝንጀሮ ነው፤ ሥጋ ባይወድም ሌላውን መጥራት ይወዳል። ነብር መጣ፣ ተኩላ ከነቤተሰቡ መጣ፣ ጥንብ አንሳ ሳይጠራ መጣ። ስልኩን ከእጅ እጅ እያዟዟሩ አደነቁ፣ ቋንጣውንም ከገመዱ እያወረዱ አላመጡ። አህያ ብቻ ከወንዙ ማዶ ሆና «እንኳን ደስ አለህ፣ በጤና ተጠቀምበት!» ብላ ጮኸች። ጠጋ በይ ቢሏት «ከዚሁ መርቄያለሁ» አለች።

«ስልኩን የገዛኸው አንተ፣ የሚበላን ግን አገር ምድሩ!» አለች እሜቴ ጅቢት።

«ዝም በይ፣ እንግዳ ይሰማል፣» አላት ባሏ።

የሥጋ ማግኛውስ አልሠራም ወይ ትሉ ይሆናል። ግሩፑ ውስጥ የሥጋ ፎቶ ሞልቷል። አያ ጅቦ እያለከለከ ሲደርስ ግን ሁልጊዜ የሚጠብቀው ቀንድና ሰኮና ነው። ብልጦቹ ፎቶውን የሚለቁት በልተው፣ አፋቸውን ጠርገው፣ ከጨረሱ በኋላ ነበር። አያ ጅቦ ይህን አልጠረጠረም። እንዲህ ሲል ሲል ዋሻው ውስጥ አንድ ገመድ ቋንጣ ብቻ ቀረ። ልጆቹ ከሥሩ ተኮልኩለው ቀና ብለው ያዩታል፣ እናታቸው ትከለክላቸዋለች።

የመጀመሪያው ነጎድጓድ በተሰማበት ቀን አያ ጅቦ ስልኩ ላይ እንዳቀረቀረ አፍንጫው ብቻውን ቀና አለ። ተንደርድሮ ገደሉን ወረደ። ግርጌው ላይ አንድ የሰባ በሬ ወድቆ ተኝቷል። ማንም አልነካውም፣ ማንም አላየውም። እሜቴ ጅቢት ተከትላው ደረሰችና አየችው።

«ተመስገን!» አለች። «ልጆቼ ተረፉ። ቶሎ በል፣ ሳይዘንብ ጎትተን እናስገባው። ዝልዝል አድርጌ እሰቅለዋለሁ፣ ክረምቱን ወጣነው!»

«ቆይ፣ አንድ ፎቶ።»

«ምን?»

«ዝንጀሮ ይየው! በአገር ፊት የሳቀብኝ ዝንጀሮ ይየው!»

ከበሬው ራስ አጠገብ ቆሞ ጥርሱን አግጥጦ ሰልፊ ተነሳ። አላማረውም፣ ጆሮው ከፎቶው ውጭ ቀርቷል። እንደገና ተነሳ። ሚስቱ የበሬውን እግር ይዛ ብቻዋን ስትጎትት፣ «አታነቃንቂው፣ ይደበዝዛል!» ብሎ ተቆጣት። ከዚያ ለዱሩ ግሩፕ ለቀቀው፤ ከሥሩም እንዲህ ብሎ ጻፈ፦ «ትኩስ በሬ። ከዋሻዬ ሥር፣ ገደሉ ግርጌ። ገና አልተነካም። ቅናት ይግደላችሁ!»

ላይኩ ጎረፈ።

«አየሽ? አንበሳ ራሱ ላይክ አደረገኝ! ጌታችን ራሱ!»

እሜቴ ጅቢት እግሩን ለቀቀች። «ያለንበትን ነገርካቸው?»

ወዲያው ሰማዩ በጥንብ አንሳ ጠቆረ። ነብር በአንድ በኩል፣ ተኩላ በሌላ በኩል ደረሱ። ከሁሉም ኋላ አንበሳ ቀስ ብሎ መጣ።

«አያ ጅቦ፣ ስላሳወቅኸን እናመሰግናለን፣» አለ አንበሳ። «ሁሉም እንዳንተ ቢሆን አገር ይጠግብ ነበር።»

«ጌታዬ፣ እኔ እኮ... እንድታዩት ብቻ ነው።»

«አየነው። አሁን ደግሞ እንቅመሰው።»

ከዚያ በኋላ የሆነውን ብዙ መናገር አያስፈልግም። ከቀንድና ከሰኮና በቀር አጥንቱ እንኳ አልተረፈም። ቀበሮም መጥቶ ኩላሊቱን አግኝቷል፤ አፉን እየላሰ አያ ጅቦን ሊያጽናና ጠጋ አለ።

«ያሳዝናል። ካሜራው ግን እንዴት ነው? ቀንዱ እኮ ጥርት ብሎ ነው የወጣው!»

«ስልክህን ውሰድና ቋንጣዬን መልስልኝ፣» አለ አያ ጅቦ።

«አይ፣ ያገለገለ ዕቃ ነው እንግዲህ።» ቀበሮ ዙሪያውን ፈለገና ከዚያው በሬ የተረፈ አንድ ሰኮና በእግሩ ገፋ አደረገለት። «ይህን ልስጥህ።»

«በዚህማ አልሸጥም! ይህ እኮ አስቀንሼ የገዛሁት ነው!» አለ አያ ጅቦ ተቆጥቶ።

እሜቴ ጅቢት ከዋሻው ስትወጣ የመጨረሻዋን ገመድ ቋንጣ ተሸክማለች፤ ልጆቹም ይከተሏታል።

«ወንዙ ሳይሞላ ተሻግሬ ወንድሜ ዋሻ እከርማለሁ፣» አለችው።

«እኔስ?»

«ላይክ ያደረጉህን ጥራቸው።»

ዝናቡ ጀመረ። አያ ጅቦ ባዶ ገመድ በተንጠለጠለበት ዋሻ ውስጥ ብቻውን ቀረ። ሆዱ ሲጮህበት ስልኩን ከፍቶ የበሬውን ፎቶ አወጣ። በሬው ሰብቷል፣ ቆዳው ያብለጨልጫል። አያ ጅቦ ዓይኑን ጨፍኖ ላሰው። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ላሰው። ዓይኑን ሲገልጥ በሬው የለም፤ ቻርጁ አልቋል፣ ወንዙም ሞልቷል።

ከዚህ የምንማረው፣ የአዲስ ስልክ ዋጋ ሻጩ የጠራው ብቻ ሳይሆን ከገዛነው በኋላ ከልጆቻችን አፍ እየተነጠቀ የሚወጣው ሁሉ መሆኑን ነው፣ ያውም ለሳቁብን ለማሳየት ስንል የምናጣውን ሳንጨምር።