የማይጠብቁ መኪኖች

«አንድ ልብስ ሰፊ ነበረ።»

የሂሳብ መምህሩ ጋሽ አጥላው ይህን ያሉት ለናርዶስ ጥያቄ መልስ ሲሰጡ ነው። ከክፍሉ አንደኛ የምትወጣው ናርዶስ እጇን እንኳ ሳታወጣ፣ «ቲቸር፣ ያልገባቸው ልጆች እስኪገባቸው እኛ ለምን እንጠብቃለን?» ብላ ነበር። ጥያቄው አናዷቸዋል። ጠመኔውን አስቀምጠው ቀጠሉ።

ልብስ ሰፊው ከሱቁ ማዶ ካለው ጌም ቤት አይጠፋም ነበር። የሚወደው ጨዋታ የክብሪት ቀፎ የሚያህሉ መኪኖች በቁርስ ጠረጴዛ ላይ የሚሽቀዳደሙበት ነው። ማንኪያው ድልድይ ነው። የፈሰሰው ማር ጎማ ይይዛል። ከጠርዙ ያለፈ ወለሉ ላይ ይፈጠፈጣል። ልጅ ሳለ ከሽቦና ከቆርኪ የሠራትን መኪና በእናቱ ጠረጴዛ ላይ ሲነዳ እንደዚሁ ነበር። አሁንም ጆይስቲክ ሲጨብጥ፣ መኪናዋ ስትታጠፍ ትከሻው አብሮ ይታጠፋል።

ያ ቤት አንድ ልማድ ነበረው። የእሁዱን ውድድር ያሸነፈ ሳምንቱን ሙሉ «ሹፌር» እየተባለ ይጠራል። መጨረሻ የወጣው ደግሞ እንደ ታክሲ ረዳት በር ላይ ቆሞ ሰው ይጣራል። ልብስ ሰፊው ሹፌር መባልን ያህል የተመኘው ነገር አልነበረም።

ጨዋታው ግን ያበግነው ነበር። ሲመራ ይቆይና የመጨረሻው መታጠፊያ ላይ የኋላዎቹ ተወንጭፈው ያልፉታል። ጨዋታው የተሠራው እንዲያ ነው፤ ማገዣ የሚሉት ነገር የቀደመውን ይይዛል፣ የቀረውን ይገፋል። አንድ ቀን ጆይስቲኩን ሶፋው ላይ ወረወረው።

«ይሄ ሌብነት ነው! ቀድሜ ልያዝ?»

«ማገዣው እኮ ይጠፋል» አለችው የቤቱ ባለቤት።

«ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ?»

«አስበህበታል ወንድሜ?»

«አጥፊው አልኩሽ! ችሎታ ያለው ይለይ።»

እሁድ ዕለት አጠፋችው። ልብስ ሰፊው መምራት ጀመረ፤ ልቡም ሞላ። ከዚያ ማሩን ልሽሽ ሲል እንደ ሁልጊዜው ከጠርዙ ወደቀ። ጨዋታው መኪናዋን ጠረጴዛው ላይ መለሰለት። ቀና ብሎ ቢያይ ከፊቱ የዳቦ ፍርፋሪ ብቻ አለ።

«የት ሄዱ?» አለ።

«እየነዱ ነዋ!» አለው አጠገቡ የተቀመጠው ፀጉር አስተካካይ፣ ዓይኑን ከስክሪኑ ሳይነቅል።

ከዚህ በፊት በወደቀ ቁጥር ሌሎቹን እዚያው ቅርቡ ያገኛቸው ነበር። ቶሎ የሚደርስባቸው በራሱ ፍጥነት ይመስለው ነበር። አሁን ቢነዳ ቢነዳ የአንዳቸውንም ጎማ አላየም። መጨረሻ ወጣ።

«ረዳት! ተነስ እንጂ፣ ሰው ቆሟል!» ብለው አሽካኩበት። ልብስ የሚሰፋላቸው ደንበኞቹ በሚያልፉበት በር ላይ ቆሞ፣ ፊቱ እየጋለ «ሜክሲኮ! ሜክሲኮ፣ አንድ ሰው!» ብሎ ተጣራ።

ሲመለስ ባለቤቲቱ ላይ ጮኸባት። «ማገዣውን መልሺው!»

«ለማን?» አለችው።

ጋሽ አጥላው እዚህ ላይ ወደ ናርዶስ ዞሩ። ድምፃቸው የዋጡትን ቁጣ ይዞ ወጣ።

«ያ ሰው ቀድሞ የተያዘበትን ጊዜ አንድም አልረሳም። ወድቆ የተጠበቀበትን ግን አያውቀውም። አንቺም እንደ እሱ ነሽ። አምና ታመሽ ከሆስፒታል ስትመለሺ የአልጀብራውን ምዕራፍ ከመጀመሪያው የደገምኩት ለማን ነበር? እነዚህ አሁን የሰለቹሽ ልጆች ያወቁትን ትምህርት ቁጭ ብለው እንደገና ሰምተዋል። አንዱ እንኳ ‹ለምን እንጠብቃታለን?› አላለኝም!»

ናርዶስ አንገቷን ደፋች።

«አንቺ እስክትደርሺ የቆሙልሽን መኪኖች በራስሽ ፍጥነት የደረስሽባቸው መሰለሽ። ማገዣው ይጥፋ ካልሽ አጠፋዋለሁ፤ ግን ለሁላችሁም ነው የሚጠፋው።» ጠመኔውን አነሱና ወደ ሰሌዳው ከመዞራቸው በፊት ጠየቋት።

«ላጥፋው?»