ልጇን አዝላ ፊቱን የናፈቀች እናት

«ተረት ተረት!»

«የላም በረት!»

ምነው፣ በዚህ ድምፅ ላሟ ትገባለች? እራት አልበላችሁም እንዴ? እንደገና። ተረት ተረት!

«የላም በረት!»

አሁን ገባች። ጉልላት፣ እግርህን ሰብስብ፣ ሰው ይቀመጥበት። ውባለም፣ አንቺ ደግሞ ልጅ አዝለሽ በር ላይ አትቁሚ፣ ነፋስ ይመታዋል። ወዲህ ወደ እሳቱ ቅረቢ። እንግዲህ ስሙ።

በድሮ ዘመን ትብለጥ የምትባል ሴት ነበረች። ባል አግብታ ብዙ ክረምት ሳትወልድ ቆየች። ተሳለች፣ ለመነች፣ አለቀሰች። ከዚያም እግዜር ሰማትና ወንድ ልጅ ወለደች። ስሙን አንዳርጌ አለችው። እልል ተባለ። ገንፎ ተገነፋ። አዋላጇ አሮጊት ስትወጣ ደጃፉ ላይ ቆም አለችና፦ «ትብለጥ ልጄ፣ ልጅ መሬት አይጣልም። ሲያለቅስ ጡት፣ ሲደክመው ጀርባ። ሌላ መድኃኒት የለውም» አለቻት።

ትብለጥ ይህችን ቃል ያዘች። ያዘች ስላችሁ እንዲሁ አይደለም፣ ሙጭጭ አለችባት። ልጇን በቅቤ ታሸዋለች። ገላዋ ላይ ለጥፋ ታስተኛዋለች። እህ ካለ ጡት ታጎርሰዋለች። ጀርባዋ ላይ ሲቁነጠነጥ ሽንቱ እንደመጣ ታውቃለችና ፈትታ ደጅ ታሸናዋለች። አንድ ቀን እንኳ አንሶላ አላረጠበም። እናቷ የሰጠቻት አንቀልባ ነበረች፣ የላም ቆዳ፣ ዳር ዳሯ ዛጎል የተሰፋባት። በእሷ አዝላው ትፈጫለች፣ አዝላው ታርማለች፣ አዝላው ውሃ ትወርዳለች። ሰው «እስቲ አምጪው ልያዝልሽ» ካላት፦ «ምነው፣ እኔ እጅ የለኝም?» ትላለች።

በዚያው ግቢ አንጓች የምትባል የባሏ እህት ትኖር ነበር። አንጓች ልጅ አልወለደችም። አልወለደችም ተብላ ነው ከባሏ ቤት የተመለሰችው። ዝምተኛ ናት፣ ክፉ አይወጣትም። ትብለጥ ቅሏን አንጠልጥላ ወደ ምንጭ ስትወርድ፣ አንጓች እንስራዋን ታነሣና ከኋላ ከኋላዋ ትሄዳለች።

የነገሩ ጣጣ እዚህ ላይ ነው። አንድ ቀን ውሃ ሲወርዱ አንዳርጌ ጀርባዋ ላይ ሆኖ ሳቀ። ኪ ኪ ኪ ብሎ ሳቀ። የመጀመሪያ ሳቁ ነው። ትብለጥ ክው አለችና ዘወር አለች። እሷ ስትዞር ጀርባዋም አብሮ ዞረ። ልጁ አልታያትም። የታየቻት አንጓች ናት፣ ጥርሷ ሁሉ ተገልጦ።

«ውይ ትብለጥ! ድዱ እንዴት ያምራል! ጉንጩ ደግሞ ጎድጎድ ይላል እኮ!»

ትብለጥም፦ «እታለም፣ ምን አድርገሽው ነው የሳቀው?» አለቻት።

«ኧረ ምንም። አየኝና ሳቀ።»

አየኝና ሳቀ! ይህች ቃል ትብለጥ አንጀት ውስጥ ገብታ ተቀመጠች። ቅናት ሲገባ ቤቶች አይልም። ማታ እራት አልበላ አላት። ዘጠኝ ወር የተሸከምኩ እኔ፣ ያማጥኩ እኔ፣ የማጠባ እኔ፣ የሚስቀው ለእሷ!

ምን አልሽ ውባለም? ስታጠባው ፊቱን አታይም ወይ? ጥሩ ጠየቅሽ። አየሽ፣ የሚጠባ ሕፃን አይስቅም። ሥራ ላይ ነው። ዓይኑን ጨፍኖ ፊቱን ጡቷ ውስጥ ይቀብራል። ሲጠግብ ይተኛል። ሲነቃ ደግሞ እሷ ሥራ አለባት፣ ታዝለዋለች። ልጁ ደስ የሚለው እሷ ስትራመድ ነው፣ ወፉን ሲያይ፣ ዛፉን ሲያይ፣ ከኋላ የሚመጣውን ሰው ሲያይ። እንዲህ ነው ነገሩ። ጥርስ ሲያበቅል እንኳ ቀድማ ያየችው አንጓች ናት። ትብለጥ ያወቀችው ሲነክሳት ነው።

ለባሏም፦ «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ። እኔ እሸከማለሁ፣ እህትህ ታያለች» አለችው። ባሏ ሳቀባት። ወንድ ምን ያውቃል።

ከዚያም አንድ ጠዋት አንቀልባዋን ወደ ደረቷ አዞረች። «ዛሬ ለእኔ ትስቃለህ» አለችው። ወፍጮ ላይ ስትጎነበስ ራሱ ከመጁ ጋር ሊላተም ሆነ። ዱቄት ዓይኑ ገባ። እሳት ላንድድ ስትል ጭስ አፈነው። እሪ አለ። አባበለችው፣ ጡት ሰጠችው፣ እንቢ አለ። ወደ ጀርባዋ ስትመልሰው ጊዜ ዝም አለ። ዝም ብሎ ቢቀር ደግ ነበር። ሳቀ። አንጓች ደጃፉ ላይ ቆማ ነበር።

ደግሞ ሌላም አለ። መንገድ ላይ አንጓች ቀረብ ትልና አንቀልባዋን ነካ ነካ ታደርጋለች። ትብለጥ ጀርባዋ ላይ ሳብ ሲያደርጋት ይሰማታል። በሆዷም፦ «እየሳመችው ነው። ልጄን ከጀርባዬ ላይ እየሰረቀችኝ ነው» ትላለች።

ሆዷ ሲሞላ ጊዜ ገነፈለ።

«እታለም፣ ከዛሬ ጀምሮ ከኋላዬ አትሂጂ።»

«ምነው ትብለጥ፣ ምን አጠፋሁ?»

«ልጅ ካማረሽ ውለጂ!»

ወይ አፍ! ይህ ለሴት ይባላል? ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፣ ማን ይመልሰዋል። አንጓች ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳብ አደረገችና እንስራዋን አስቀምጣ ገባች።

ትብለጥ ብቻዋን ወረደች። ምንጩ ከሥሩ ኩሬ ሠርቶ ነበር፣ ጥልቅ ነው፣ ጥርት ያለ ነው። ቅሏን ልትነክር ጎንበስ ስትል ምን ብታይ ጥሩ ነው? የራሷን ፊት አየች፤ ከትከሻዋ በላይ ደግሞ ሌላ ትንሽ ፊት ብቅ ብሏል። አንዳርጌ! ውሃው ውስጥ ሆኖ አያት። አያትና ሳቀ።

ትብለጥ አለቀሰች። በደስታ አለቀሰች። «አሁን ያለጥርጥር ለእኔ ነው የሳቅኸው፣ ሌላ ሰው የለም» አለችው። ከዚያ ወዲህ ውሃ ኖረም አልኖረም መውረድ ሆነ ሥራዋ። ለማንም አልነገረችም። አንጓች ብትሰማ ነገ ኩሬው ዳር ናታ! ነፋስ ውሃውን ሲያንቀሳቅሰው ነፋሱን ትረግማለች። እንቁራሪት ቀድማ ታየዋለች ብላ እንቁራሪቷን በድንጋይ ታባርራለች። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም፣ በእንቁራሪት የቀናች እናት ሰምታችሁ ታውቃላችሁ?

አንድ ቀን ዝናብ ጥሎ ካባራ በኋላ ወረደች። ፀሐይ ወጥቷል። አንዳርጌ ውሃው ውስጥ ደህና አድርጎ ሳቀ። ትብለጥ አንጓች የነገረቻትን የጉንጩን ጎድጓዳ ልታይ ጎንበስ አለች። አልታያትም። ትንሽ ጨምራ ጎንበስ አለች። ያን ጊዜ የአንቀልባዋ ጠፍር ተበጠሰ። ልጁ በትከሻዋ ላይ ተንሸራቶ ቁልቁል ሄደና ኩሬው ውስጥ ገባ።

አንዳንዱ ሰው ኩሬው ቆሌ ነበረው ይላል። የምን ቆሌ! ያረጀ ጠፍር ዝናብ ሲነካው ይበጠሳል።

ትብለጥ እጇን ሰደደች፣ ውሃው ደፍርሷል። ወዲህ ዳበሰች፣ ወዲያ ዳበሰች፣ ጭቃ ብቻ። ያን ጊዜ ከቁጥቋጦው መሃል ሰው እየሮጠ መጣና ከነልብሱ ዘሎ ገባ። አንጓች ናት። ውሃው እስከ አንገቷ ዋጣት። በእግሯ ፈለገችና ጠለቅ ብላ በአንድ እግሩ ይዛ አወጣችው። ዘቅዝቃ ጀርባውን መታ መታ አደረገችው። ውሃ ከአፉ ወጣ። ልጁ ዝም። እንደገና መታ መታ አደረገችው።

ከዚያም አለቀሰ። ተመስገን፣ አለቀሰ!

አንጓች አላቀፈችውም። አልሳመችውም። ቀጥ አድርጋ ለእናቱ ሰጠቻት። «አጥቢው» አለቻት።

ትብለጥ ጡቷን አጎረሰችው። እስኪረጋጋ ጠበቀችና፦ «እታለም፣ ከየት መጣሽ?» አለች።

«ከተጣላን ጀምሮ ተደብቄ እከተልሽ ነበር። ጠፍሩ አርጅቷል ትብለጥ። መንገድ ላይ ነካ ነካ ሳደርገው ልስመው አልነበረም። እየላላ ያስቸግራል፣ ላጠብቀው ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

አንጓች ቀሚሷን መጭመቅ ጀመረች። ጨመቀች፣ ጨመቀች። ከዚያም ቀና ሳትል ተናገረች፦

«ብነግርሽ ወንድሜ አዲስ ጠፍር ያበጅልሽ ነበራ። ጡቱ ያንቺ ነው። ጀርባው ያንቺ ነው። ሌሊቱን አንቺ ገላ ላይ ተለጥፎ ያድራል። እኔ ከአንዳርጌ የደረሰችኝ ያቺ ጠፍር ናት። እሷን እንዳጣ ፈራሁ። አንቺ ቀንተሽ ጮኽሽ፤ እኔ ቀንቼ ዝም አልኩ።»

ትብለጥ የአንጓችን እርጥብ ራስ ሳብ አድርጋ ጉልበቷ ላይ አስደገፈችው። እዚያው ተላቀሱ።

ባልየው አዲስ ጠፍር ገመደ። አንጓችም ወደ ቦታዋ ተመለሰች፣ ከኋላ። ቅናታቸው ጠፋ ወይ ትሉኛላችሁ? የት ይሄዳል! ቅናት ቁርጥማት ነው፣ ደመና ባየ ቁጥር ይነሣል። አንዳርጌ በሳቀ ቁጥር ትብለጥ ከንፈሯን ትነክሳለች፣ ጡት በያዘ ቁጥር አንጓች እንጨት ልልቀም ብላ ትወጣለች።

እንዲህ እንዲህ እያለ ልጁ ዓመት ሞላው። ምሰሶ ይዞ መቆም ጀመረ። አንድ ቀን ወደ ማታ ሁለቱ ሴቶች ግቢው ውስጥ ሆነው ሲያዩት፣ የያዘውን ለቀቀና ቆመ። ሁለቱም ቁጢጥ ብለው እጃቸውን ዘረጉ። «ና አንዳርጌ! ና!» ትላለች ትብለጥ። አንጓች አልተጣራችም፣ እጇ ግን ተዘርግቷል። ልጁ አንድ እግሩን አነሣ። ሌላውን አስከተለ።

ወደ ማን የሄደ ይመስላችኋል?

«ወደ እናቱ!»

«ወደ አንጓች!»

ሁለታችሁም ሳታችሁ። የአንጓችን እጅ አየት አደረገና አለፈው። ትብለጥ እጇን ይበልጥ ዘረጋች። ከዚያም የትብለጥንም እጅ አለፈው። ፊቷን እንኳ ቀና ብሎ አላያትም። እሱ ግን እየተንገዳገደ ዞረ፣ ወደ ኋላዋ ዞረና ቀሚሷን በሁለት እጁ ጨምድዶ ጉንጩን ጀርባዋ ላይ ለጠፈ።

እናቱን የሚያውቃት በዚያ ነዋ! ዓመት ሙሉ የኖረው እዚያ ነው። ለእሱ እናት ማለት ያቺ ጀርባ ናት።

ትብለጥ ልትዞር ፈለገች። ብትዞር ይወድቃል። እንደተቀመጠች፣ እንባዋ እየወረደ፦ «እታለም፣ ይስቃል?» አለች።

አንጓች ተነሥታ ወደ ትብለጥ ኋላ ዞረችና መሬት ላይ ተቀመጠች።

«ይስቃል።»

«ጎድጓዳውስ?»

«አለ። በግራ ጉንጩ ነው። ሌላኛው አንቺ ላይ ተለጥፏል።»

«ንገሪኝ እስቲ። አንድም ሳታስቀሪ ንገሪኝ።»

አንጓችም ነገረቻት።

እንግዲህ ተረቴን ተቀበሉ፣ እኔንም አትርሱ። ለደረቀ ጉሮሮዬ አንድ ዋንጫ እርጎ፣ ዳቦውንም ከመሃሉ ቁረሱልኝ፣ ዳር ዳሩን ጥርሴ አይችለውም። ውባለም፣ አንቺ አትነሺ፣ ሌላው ያመጣል። ልጅሽ ተኝቷል። አፉን ከፍቶ፣ በእንቅልፉ ፈገግ ብሎ። እኔ እያየሁልሽ ነው።