ሦስት ቁልፍ ያለው ሣጥን

አንድ ሰው ዓርብ ጠዋት ከእንቅልፉ ተነሣ። ፊቱን ታጠበ፣ ሱሪውን ለበሰ፣ ከዚያ ቀኝ ኪሱን ዳበሰ። ቁልፏ አለች። ትንሽ የጓጉንቸር ቁልፍ ናት፣ ከጣት አትበልጥም። መኖሯን ሲያረጋግጥ ልቡ ረጋ። ቁርሱን በላና ከቤቱ ሳይወጣ ዋለ።

ታዲያ ምን አጠፋ? አልሰረቀም፣ አልዋሸም፣ ማንንም አልመታም። ቤቱ ነው የዋለው። እኔም መጀመሪያ ስሰማ እንደ እናንተው ነበር ያልኩት። እስቲ ረጋ ብላችሁ ስሙኝ። አንተም እዚያ በሩ ጋ ያለኸው፣ ሰዓትህን ማየቱን ተወውና ስማኝ።

የሰውየውን ስም አልነግራችሁም፤ ዘውገ እንበለው። ከተማውንም አልነግራችሁም። አንድ ጤና ጣቢያ፣ አንድ አዳራሽ፣ አንድ አስፋልት ያላት ከተማ ናት ልበላችሁና ይብቃን። ጋሽ ዘውገ የተቃዋሚ ፓርቲ ሰው ነበር። ሻይ ቤት ተቀምጠው ከሚቃወሙት ወገን አልነበረም፤ ሰባት ዓመት ታስሮበታል። ሲፈታ ሱቁ ተዘግቶ፣ ጓደኞቹ ተበትነው ነው የጠበቁት። እንዲያም ሆኖ ፓርቲውን አልተወም። ይህን የምነግራችሁ እንዳትንቁት ብዬ ነው። ከእኛ ውስጥ ሰባት ቀን የሚችል ስንት ሰው ይገኛል?

በዚያች ከተማ ሦስት ተቃዋሚ ፓርቲዎች ነበሩ። አንዱ የጋሽ ዘውገ፣ አንዱ የጠበቃው የአቶ ልሳነወርቅ፣ አንዱ የነጋዴው የአቶ ጓንጉል። ሦስቱም የሚሉት ያው ነው። ምርጫ ሲመጣ ግን ለየብቻ ይወዳደራሉ፣ የሕዝቡ ድምፅ ለሦስት ይከፈላል፣ ሦስቱም ይሸነፋሉ። ከዚያ አምስት ዓመት ሙሉ አንዱ ሌላውን ባንተ ጥፋት ነው ሲለው ይኖራል።

በኋላ ላይ ግን፣ እግዜር ይስጣቸው፣ ነገሩ ገባቸው። አንድ እንሁን፣ አንድ ሰው እናቅርብ ተባባሉ። ማንን? ሁሉም የሚያምናት አንዲት ሴት ነበረች፣ ሲስተር እማዋይሽ፣ የጤና ጣቢያዋ ነርስ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ስታዋልድና ስታክም ኖራለች። የጋሽ ዘውገ ባለቤት ወይዘሮ ትሁኔ ደም ግፊት አለባቸው፤ በየረቡዑ ከሥራ ስትወጣ ቤታቸው ድረስ እየሄደች የምትለካቸው እርሷ ናት። እርሱ በታሰረባቸው ሰባት ዓመታትም አንድ ረቡዕ አላጓደለችም። ሰው የእስረኛ ቤት ደጃፍ መርገጥ በሚፈራበት ጊዜ ማለት ነው።

ሦስቱ ሰዎች ሄደው ለመኗት። እርሷም እንዲህ አለቻቸው፦ «ሦስታችሁም አብራችሁ ከቆማችሁ እሺ። የምትለያዩ ከሆነ ግን ከወዲሁ ንገሩኝ። ሥራዬን ልለቅ ነው፤ ሌላ እንጀራ የለኝም።»

ሦስቱም ማሉላት። እርሷም በማግስቱ የሥራ መልቀቂያዋን አስገባች።

አሁን ወደ ቁልፏ ልመልሳችሁ። ለአዲሱ ኅብረት አንድ ማኅተም ተቀረጸ። ማኅተም በእኛ አገር ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። ማኅተም የሌለው ደብዳቤ የትም ቢሮ አይገባም። ማኅተሙ ማን ጋ ይቀመጥ? ጋሽ ዘውገ፣ እኔ ጋ አለ። ጠበቃው፣ ሕግ የማውቀው እኔ ነኝ አለ። አቶ ጓንጉል፣ ቢሮው የኔ ነው አለ። በዚህ ብቻ ሁለት ወር አለቀ። መጨረሻ ላይ አቶ ጓንጉል አንድ ሐሳብ አመጣ። የደብራቸው ሙዳየ ምጽዋት በሦስት ሰው እጅ ያለ ሦስት ቁልፍ አለው፤ ሦስቱ ካልተገናኙ አይከፈትም። እኛም እንደዚያ እናድርግ አለ።

ያው ከእኛው ከቤተ ክርስቲያን ነው የተማሩት። የብረት ሣጥን አስበየዱ፣ ማኅተሙን አስገቡ፣ ሦስት ጓጉንቸር ገጠሙበት፣ እያንዳንዳቸው አንድ አንድ ቁልፍ ያዙ። አዳራሹ አጨበጨበ። ቁልፎቻቸውን ወደ ላይ ይዘው ፎቶ ተነሡ። ከፎቶው በታች «አንድነታችን» ተብሎ ተጻፈ።

ልብ አላችሁ? እነዚህ ሰዎች አራት ወር ሙሉ ስልት ሲነድፉ ከረሙ። ስልቱ በሙሉ አንዱ ሌላውን እንዳይከዳው መጠበቂያ ነበር። እንዴት እናሸንፋለን ብለው የተነጋገሩት ግማሽ ቀን አይሞላም። ሰዎቹ ግን ይህን አንድነት ነው ብለው ከልባቸው አመኑ።

የዕጩዎች ምዝገባ የሚያበቃው ዓርብ በዐሥራ አንድ ሰዓት ነበር፤ እስከዚያ የሲስተር እማዋይሽ የዕጩነት ደብዳቤ ማኅተም ተመትቶበት መግባት አለበት። ሐሙስ ዕለት ፖስተሩ ታትሞ መጣ። የሲስተር እማዋይሽ ፎቶ ከላይ፣ የሦስቱ ፓርቲዎች ስም ከታች። የጋሽ ዘውገ ፓርቲ መጨረሻ ላይ ነው። አታሚው ስሙ ረጅም የሆነውን እንዲያምር ብሎ ከታች አደረገው፤ ሌላ ምክንያት የለውም። ጋሽ ዘውገ ግን ፊቱ ተለዋወጠ።

«ሰባት ዓመት የማቀቅሁት እኔ፣ ከሁሉ በታች የተጻፍኩትም እኔ» አለ።

ጠበቃው ቀልድ መስሎት፣ «ጋሽ ዘውገ፣ እስራት እኮ ሹመት አይደለም» አለው።

አያችሁ፣ አንዳንድ ቃል ወጥቶ አይመለስም። ጋሽ ዘውገ ኮፍያውን አንሥቶ ወጣ። ዓርብም ቤቱ ዋለ። ስልኩ ሲጮህ አላነሣም። ደጄ ላይ ቆመው ይቅርታ ካላሉኝ ይህች ቁልፍ ከኪሴ አትወጣም ብሎ ለራሱ ማለ። ደግሞም ይመጣሉ ብሎ ጠብቋል። በየደቂቃው በመስኮት ያይ ነበር።

በስምንት ሰዓት ሲስተር እማዋይሽ ብቻዋን መጣች።

«ጠበቃውስ?» አላት።

«ቢሮው ተቀምጧል። ዘውገ ሲመጣ እመጣለሁ ይላል።»

«ጓንጉልስ?»

«ገጠር ሠርግ ሄዷል። ሁለቱ ሲታረቁ ደውዪልኝ ብሎ ቁልፉን ይዞ ሄደ። ጋሽ ዘውገ፣ እነርሱን ይተዋቸው። እኔ ነኝ የምለምንዎት።»

«አንቺን አይደለም የተቀየምኩት፣ እማዋይሽ።»

«አውቃለሁ። የምጎዳው ግን እኔ ነኝ።»

«ይምጡ» ብቻ አለ። እርሷም ከመጣሁ አይቀር ብላ የወይዘሮ ትሁኔን ክንድ ለካች። «ጨምሯል፣ እትዬ። ጨው ይቀንሱ» አለቻቸውና ወጣች።

ወይዘሮ ትሁኔ የባላቸውን ጫማ አምጥተው እግሩ ሥር አስቀመጡ። «ዘውገ» አሉት፣ «ሰባት ዓመት ስትታሰር አንድ ቀን ለምን ብዬህ አላውቅም። ዛሬ ግን ለምን እልሃለሁ።»

ጫማውን ዐሥር ሰዓት እስኪያልፍ አየው። ማድረግ ፈልጓል፤ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ልቡ ከሄደ ቆይቷል። እግሩ ነው እምቢ ያለው። በመጨረሻ ዐሥር ተኩል ላይ ተነሣ። መንገድ ላይም የሚያውቀው ሰው ሲያጋጥመው ርምጃውን ያቀዘቅዝ ነበር፣ ሲሮጥ እንዳይታይ።

የኅብረቱ ቢሮ ሲደርስ ሲስተር እማዋይሽ ከሣጥኑ አጠገብ ተቀምጣለች። ጠበቃው፣ ዘውገ መምጣቱን ሰው ነግሮት ኖሮ፣ ከኋላው ገባ። ሰላም አልተባባሉም። እርሱ የራሱን ከፈተ፣ ያም የራሱን ከፈተ። ሦስተኛው ጓጉንቸር ቀረ። በድንጋይ እንስበረው አለ ጋሽ ዘውገ። ጠበቃው፣ ከተሰበረ ጓንጉል ነገ ማኅተሙ ተሰርቆ ነው የታተመው ብሎ ይከሰናል አለ። ይህን ሲከራከሩ አቶ ጓንጉል፣ ሲስተር እማዋይሽ ደውላለት ኖሮ፣ የሠርግ ልብሱን እንደለበሰ በባጃጅ ደረሰ። ሣጥኑ ተከፈተ። ለዐሥራ አንድ ሰዓት ስምንት ደቂቃ ይቀራል።

እስቲ ንገሩኝ፣ አሁን ምን የቀረ ይመስላችኋል? ምንም የቀረ የለም ትላላችሁ። ቀርቷል። ማን ይምታው? በመተዳደሪያ ደንቡ ላይ ማኅተሙ የሚቀመጥበት ተጽፏል፣ የሚከፈትበት ተጽፏል፣ የሚመታው እጅ የማን እንደሆነ ግን አልተጻፈም። ሦስት ሽማግሌ ሰዎች ሰዓቱ እስኪያልፍ ማኅተም ተናጠቁ። ሲስተር እማዋይሽ ከእጃቸው ወስዳ ደብዳቤው ላይ ራሷ መታችው። የቀለሙ ስፖንጅ ደርቆ ስለነበር ፈዞ ነው የታተመው።

የምዝገባው ቢሮ በር ላይ ሲደርሱ መዝጋቢው ቁልፍ እያዞረ ነበር። ክፉ ሰው አልነበረም። «ሩብ ሰዓት ጨምሬ ጠብቄአችሁ ነበር» አላቸው። «መዝገቡ ተዘግቷል፣ እናቴ። ምን ላድርግሽ?»

ልብ በሉ ወገኖቼ። በዚያ ዓርብ ያሰራቸው የለም። ቢሮአቸውን ያሸገ የለም። ባላንጣዎቻቸው ጣታቸውን አላነሡም፤ ምን አደከማቸው?

የምርጫው ቀን ደረሰ። ጋሽ ዘውገ ሰልፍ ላይ ቆሞ ሳለ፣ ሲስተር እማዋይሽ አራት ልጆቻቸውን ያዋለደቻቸው አንዲት ሴት ወረቀታቸውን ይዘው መጡ። ማንበብ አይችሉም። «ዘውገ» አሉት፣ «አንተ ታውቃለህና አሳየኝ። የእኛ ሲስተር የቱ ጋ ናት?»

ሰባት ዓመት ሲመረመር ቃል ያልጠፋው ሰው በዚያ ሰልፍ ላይ ቃል ጠፋው። «የለችም» ለማለት እንኳ አልቻለም። ራሱን ነቀነቀ። ሴትዮዋ ግን አልገባቸውም፤ ወረቀቱን እያገላበጡ ይፈልጉ ነበር።

ሲስተር እማዋይሽ የለቀቀችው ቦታ በሌላ ሰው ተይዞ ቆያት። ዕቃዋን ሸክፋ እኅቷ ወዳለችበት አገር ሄደች። ለማንም ክፉ አልተናገረችም። ረቡዕ ሲመጣ ወይዘሮ ትሁኔ ልማድ ሆኖባቸው እጅጌያቸውን ሰብስበው በሩ አጠገብ ተቀመጡ። ጋሽ ዘውገ አያቸው። እርሳቸውም ትንሽ ቆይተው እጅጌያቸውን መለሱት። አልወቀሱትም። ብትወቅሰኝ ይሻለኝ ነበር ነው ያለኝ።

አዎ፣ እርሱ ነው የነገረኝ። ባለፈው ዓመት እኔ ጋ መጥቶ ከኪሱ ይህችን አወጣ። ይህችው ናት፣ እዩዋት። «መምህር፣ በልብሴ ሁሉ እየተገላበጠች አብራኝ ከረመች። መጣል አልቻልኩም። እርስዎ ይያዙልኝና ለሰው ይንገሩ፣ ስሜን ግን አይጥሩ» አለኝ።

እኔ ስለ ፓርቲ ልነግራችሁ አልቆምኩም። እናንተም፣ ፖለቲከኞች ሲባሉ እንዲህ ናቸው ብላችሁ ከንፈር ለመምጠጥ አልመጣችሁም። እስቲ እዚያ ጋ ያለውን ባልዲ እዩ። ጠብ ጠብ ሲል ትሰማላችሁ? የዚህ ጣሪያ ቆርቆሮ ከተገዛ ሁለት ክረምት አለፈው። እጓሮ ተከምሮ ዝገት ጀምሮታል። ለምን አልተመታም? ሦስት ሰው መፈረም ስላለበት፣ ሦስቱም እዚሁ መካከላችን ስላሉ፣ ሦስቱም ቀድሞ ያናግረኝ ስለሚሉ። ስማቸውን አልጠራም፤ ባልዲው ይጠራቸዋል።

አንቺስ እኅቴ፣ ከወንድምሽ ጋር የተኳረፋችሁት ያቺ እናታችሁ ማን ጋ ትኑር በሚለው ነበር። እርሷ ታዲያ አሁን ማን ጋ ናት? አንተስ፣ አንተ ሚስቴ ቀድማ ታናግረኝ፣ እርሷም እርሱ ቀድሞ ያናግረኝ እያላችሁ፣ አንድ ማዕድ ላይ ዝም ብላችሁ የምትበሉት እስከ መቼ ነው? ልጆቹ በመካከላችሁ ሆነው ያንተንም የእርሷንም ፊት ያያሉ። ተበድያለሁ ትሉኛላችሁ። እውነታችሁን ነው። ጋሽ ዘውገም ተበድሎ ነበር። በበደሉት ላይ የቆለፈው መስሎት ባልበደለችው ላይ ቆለፈ።

ዛሬ ቤታችሁ ስትገቡ፣ ልብስ ከመለወጣችሁ በፊት ኪሳችሁን ዳብሱ። የምታገኙትን እናንተ ታውቃላችሁ። ይለምኑኝ ብላችሁ አትጠብቁ፤ የሚለምናችሁ ሰው ለምኖ ሄዷል። ጫማችሁን አድርጉና ሂዱ። ሰው ቢያያችሁም ሩጡ። የእናንተ መዝገብ በስንት ሰዓት እንደሚዘጋ እኔ አላውቅም፣ እናንተም አታውቁም።