ማዶ የሌለው ቀዳዳ

አንድ ብረት ሠሪ ነበረ።

ጥያቄዎን የሸሸሁ እንዳይመስልዎት፣ ጋሽ ደምረው። ጥያቄዎ እፊቴ ነው። «ልጄ ሸጋው ከበረሃው መንገድ ብቻውን ተመለሰ፤ አብሮት የወጣው የእትዬ ዘውዴ ልጅ ይበይን የት እንደቀረ ብጠይቀው ብጠይቀው አንድ ቃል አይተነፍስም፤ ምን አድርጌ ላናግረው?» ነው ያሉኝ። ዛሬ ፀሐይ ሳትጠልቅ ካልተናገረ ከቤት እንደሚያስወጡትም ነግረውታል። እትዬ ዘውዴ በየጠዋቱ አጥርዎ ሥር ቆመው «ተናገረ?» ይላሉ። ይህን ሁሉ ይዤ ነው ስለ ብረት ሠሪው የምነግርዎ። «አንተ ደግሞ ከብረት ሌላ ወሬ የለህም» ይሉኛል፤ እውነትዎን ነው፣ የለኝም። ግን ይስሙኝ።

ሰውየው ሐይቅ ዳር ባለች ከተማ ይኖር ነበር። ሥራው ብረት መብሳትና ጥርስ ማውጣት ነው። ጥርስ ማውጣት ምን እንደሆነ ላስረዳዎ፤ ይህን ሳያውቁ የቀረው አይገባዎትም። ቡሎን ዙሪያውን እየተጠማዘዘ የሚሄድ ጥርስ አለው አይደል? የሚገባበት ቀዳዳም ከውስጥ እንደዚያው ጥርስ ሊኖረው ይገባል፤ አለዚያ ምኑን ይይዛል? ስለዚህ ቀዳዳው መጀመሪያ ከቡሎኑ ጠበብ ተደርጎ ይበሳል። ከዚያ ቡሎን የሚመስል፣ ግን ከቡሎን እጅግ የጠነከረ፣ ጎንና ጎኑ ስለት ያለው ብረት ይገባበታል። ጥርስ ማውጫ እንበለው። እየዞረ ሲገባ የቀዳዳውን ግድግዳ እየፋቀ ጥርሱን ይቀርጻል። ጠንካራ ነው ስልዎ ግን ጥንካሬው እንደ ብርጭቆ ነው፤ አይታጠፍም፣ ይሰበራል።

በእጅ ሲሠራ ሠራተኛው አንድ ዙር ወደፊት ይሄድና ግማሽ ዙር ይመለሳል። የሚመለሰው ደክሞት አይደለም። የተፋቀው ፍቅፋቂ እንዲቆረጥና መውጫ እንዲያገኝ ነው። የዚያች ከተማ ብረት ሠሪዎች ሁሉ እንዲህ ነበር የሚሠሩት፤ ይሄዳሉ፣ ይመለሳሉ፣ አውጥተው ይጠርጋሉ፣ ዘይት ጠብ ያደርጋሉ፣ እንደገና ይሄዳሉ።

ይህ ሰው ግን ማሽን ገዛ። ከማሽኑ ጋር የመጣው ጥርስ ማውጫ ጫፉ የተለየ ነው፤ ፍቅፋቂውን ፊት ፊቱን እየገፋ በቀዳዳው ማዶ ያራግፈዋል። ስለዚህ እየተመለሰ መጥረግ አያስፈልገውም። በር ቢሉ፣ አልጋ ቢሉ፣ የጋሪ እግር ቢሉ፣ የሚያመጡለት ሁሉ ቀዳዳው ወዲያ ማዶ የዘለቀ ነው። ፍቅፋቂው መሬት ላይ ይረግፋል፣ ሥራው አለቀ።

«እናንተ ገና ወደፊት ወደኋላ ትላላችሁ» እያለ በጎረቤቶቹ ያሾፍ ነበር። «እኔ እኮ ‹ተመለስ› የሚለውን ቃል ረስቼዋለሁ።»

እውነቱን ነበር። ለእነዚያ ቀዳዳዎች እውነቱን ነበር።

አንድ ቀን አንዲት ሴት ደወል በአህያ ጭና መጣች። ደወሉ ከከተማዋ በታች ያለው መንደር ንብረት ነው። የመንደሩ ወንዶች በደንገል ታንኳ ዓሣ ያጠምዳሉ። በዚያ ሐይቅ ላይ ጉም ሲወርድ ውኃውና ሰማዩ አንድ ይሆናሉ፤ ታንኳ ላይ ያለ ሰው የገዛ መቅዘፊያውን ጫፍ አያይም። ያኔ ዳር ያሉት ይደውላሉ፣ ታንኳዎቹም ድምፁን ተከትለው ይገባሉ። አሁን ጉም ወርዷል፤ ሰዎቹ ውኃ ላይ ናቸው፤ የደወሉ ምላስ ግን ማንጠልጠያው ተበልቶ ወድቋል። የሴቲቱም ባል ውኃ ላይ ነው።

«ማንጠልጠያ ቡሎኑን ይዤልሃለሁ» አለችው። «አንተ ከውስጥ፣ አናቱ ላይ፣ ጥርስ አውጣልኝ። ብቻ አደራ፣ ማዶ እንዳይዘልቅ። ከዘለቀ ድምፁ ይሰነጠቃል ይላሉ ሽማግሌዎቻችን።»

«ይኼ ደግሞ ሥራ ሆኖ! ቁጭ ሳትዪ ያልቃል።»

«ቀስ ብለህ። ይህ ደወል ጆሮ አለው።»

«ምላስ የሌለው ጆሮ ከየት አመጣ?» ብሎ ሳቀ።

ደወሉን አፉን ወደ ላይ አድርጎ አሰረውና አናቱን ከውስጥ በኩል በሳ። ሳያዘልቅ አቆመ፤ እዚህ ድረስ ጎበዝ ነው። ከዚያ ያንኑ የለመደውን ጥርስ ማውጫ ማሽኑ ላይ ገጠመ። ሌላ አላሰበም። ሁልጊዜ የሠራለት እሱ ነው።

ማውጫው ነሐሱን ሲነክሰው ድምፅ ወጣ። ጥርስ ሲወጣ ሁልጊዜ ትንሽ ይጮኻል፤ ይህ ደግሞ ደወል ውስጥ ነው፣ ደወልም ትንሹን ድምፅ ትልቅ ያደርገዋል። ይህ ይገባኛል። እዚያ የነበሩት ግን የብረት ድምፅ አልነበረም ይላሉ። አፉን በእጅ ያፈኑት ሰው ድምፅ ነበር ይላሉ።

ሴቲቱ «አቁም! መልሰው!» አለች።

ብረት ሠሪው በእጀታው ላይ በሙሉ ክብደቱ ተጫነና «ግባ!» ብሎ ጮኸበት።

አሁን ታች ያለውን ያስቡት፣ ጋሽ ደምረው። ቀዳዳው ማዶ የለውም። ማውጫው ፍቅፋቂውን ወደፊት ይገፋል፤ ወደፊት ግን ቦታ የለም። ፍቅፋቂው ይከማቻል፣ ይጠቀጠቃል፣ ድንጋይ ይሆናል። ማውጫው ራሱ ከፋቀው ነገር ጋር ግንባር ለግንባር ይጋጠማል።

ቀጭ አለ። ጩኸቱ በአንዴ ቆመ። ማሽኑ ባዶውን ይዞራል። ከዚያ ከደወሉ ሆድ ውስጥ፣ ቀስ ብሎ፣ «ግባ» የሚል ድምፅ መጣ። የገዛ ድምፁ ነበር የተመለሰለት።

ቀዳዳ ውስጥ የተሰበረ ማውጫ በዚህ ሥራ ከሚደርሰው ሁሉ የከፋ ነው። በፒንሳ አይያዝም፤ ከቀዳዳው አፍ በታች ነው የተሰበረው። አይበሳም፤ መሰርሰሪያው ከሱ የለሰለሰ ነው። ሰውየው ግን ሞከረ። የመሰርሰሪያው ጫፍ ቀላና ደነዘ። ሌላ ገጠመ፤ እሱም ደነዘ። መሮና መዶሻ አነሣ፤ ደወሉ በተመታ ቁጥር ያቃስታል፣ ስባሪው ግን የባሰ ይጠብቃል። ቀድሞ የደወሉ ችግር ባዶ ቦታ ብቻ ነበር። አሁን ከራሱ ከደወሉ የጠነከረ ነገር ተሰክቶበታል፤ የሰካውም ድምፅ ሊያወጣለት የተነሣው ሰው ነው።

ሴቲቱ አልተሳደበችም። ወደ ሐይቁ ዳር ሄዳ በራሷ ጉሮሮ ባሏን ትጣራ ጀመር።

ከዚያ በኋላ በሱቁ ውስጥ የሆነውን እንደሰማሁት እነግርዎታለሁ። ጠዋት ሲከፍት ደወሉ አልቦት አገኘው። ነሐሱ ቀዝቅዞ የጉሙን እርጥበት ያዘ ማለት ነው፤ ላስረዳዎ እችላለሁ። አጠገቡ የተደረደረው ብረት ሁሉ ለምን ደረቅ እንደነበረ ግን አላውቅም። ደግሞ ሰው በተናገረ ቁጥር ደወሉ የመጨረሻዋን ቃል ይመልሳል። አንድ ደንበኛ ገብቶ «እንዴት ነህ፣ ሰላም ነህ?» ሲል፣ ከጥግ አንድ ነገር «ነህ?» አለው። ሰውየው የበሩን ማጠፊያ ጥሎ ሄደ፤ ሊወስደውም አልመጣም። ሴቲቱ ከዳር ስትጣራ ግን ደወሉ ምንም አይመልስም። አፉን ወደ ላይ ከፍቶ ዝም ይላል፤ እንደሚያዳምጥ ሰው። ብረት ሠሪውም ውሎ አድሮ ሱቁ ውስጥ መናገር ፈራ።

ቆዳ የሚያለፋ ጎረቤት ነበረው፤ ያሾፍባቸው ከነበሩት አንዱ። እሱ ብቅ አለና «ምነው፣ ማሽንህ ወደኋላ መሄድ ተማረ እንዴ?» አለው። የሰውየውን ፊት ሲያይ ግን ቀልዱን ተወ። ጎንበስ ብሎ ቀዳዳውን አየ።

«ስማ» አለው በሹክሹክታ፣ «ቆዳ በምነክርበት የሽብ ውኃ ውስጥ ቢላዬ ወድቆ ከርሞ ነበር። ባወጣው ስለቱ ተበልቶ አልቋል። እጀታው ላይ ያለችው የነሐስ ቀለበት ግን እንዳለች ናት። ሽብ ብረቱን ይበላል፣ ነሐሱን አይነካም። ብቻ ውኃው ሙቅ መሆን አለበት። እንዳይቀዘቅዝ አጠገቡ መቀመጥ አለብህ፤ ቁጭ ብለህም ምንም አለማድረግ አለብህ። አንተ ይህን ትችላለህ?»

ብረት ሠሪው ተነሥቶ ማሽኑን አጠፋ። መሮውንም መዶሻውንም ከበር ውጪ አስቀመጠ። ደወሉን በሽብ ውኃ ሞላው፣ ዙሪያውን ፍም ደረደረና አጠገቡ ተቀመጠ።

መጀመሪያ ምንም አልነበረም። ቆይቶ ከቀዳዳው ውስጥ አንዲት አረፋ ወጣች። ቀጥላ ሌላ። ላይ ደርሳ ስትፈነዳ ደወሉ እስትንፋስ የሚያህል ድምፅ ያወጣል። ሰውየው ጆሮውን አስጠጋ፤ ቃል መሰለው። «ምን?» ሊል አፉን ከፈተና መልሶ ገጠመው። ውኃው ሲጠቁር ይቀይራል፣ ሲቀዘቅዝ ፍም ይጨምራል። አንዴ ትዕግሥቱ አልቆ መሮውን ሊያመጣ ብድግ ቢል፣ ገና ሳይነካው ደወሉ ማቃሰት ጀመረ። ተመልሶ ተቀመጠ። እንዲህ ሆኖ ቀንም ሌትም ጠበቀ፣ ከውጭ የሴቲቱ ድምፅ እየሰለለ፣ እየሰለለ፣ በመጨረሻ ጠፋ።

አረፋው ሲቆም ውኃውን ደፋው። ያ ከሁሉ የጠነከረው ብረት ጥቁር ጭቃ ሆኖ ወጣ። ቀዳዳው ንጹሕ ነው፤ የተጀመረው ጥርስም እንዳለ ነው። የቀረውን በእጁ ጨረሰው። አንድ ዙር ወደፊት፣ ግማሽ ዙር ወደኋላ፣ አውጥቶ መጥረግ።

ደወሉን ዳር ወስደው ሰቀሉት። ሴቲቱ ድምፅዋ ተዘግቷል፤ ገመዱን ያዘችና ደወለች። ያማረ ድምፅ ነበር ይላል የሰማው ሁሉ። ብረት ሠሪው ብቻ ጆሮውን በሁለት እጁ ያዘ፤ ከድምፁ ሥር ያን የመጀመሪያ ቀን ጩኸት ይሰማ ነበር። እስኪሞት ድረስ ይሰማው ነበር።

ከጉሙ ውስጥ አንዲት ታንኳ መጣች። የባሏ ታንኳ ናት። መቅዘፊያው ተጋድሞባታል፣ ሰው የለባትም።

ሴቲቱ እስከ ወገቧ ውኃው ውስጥ ገባች። ታንኳዋን ስባ ዳር አወጣች፣ አሰረቻት። ከዚያ ተመልሳ ገመዱን ያዘችና መደወሏን ቀጠለች። ሌሎቹም አንድ በአንድ ከጉሙ ውስጥ ወጡ።

አሁን ወደ እርስዎ ልመለስ። ብረት ሠሪው እርስዎ ነዎት፣ ጋሽ ደምረው፤ አይቆጡኝ። ዕድሜዎን ሙሉ ኬላ ላይ ቆመው «ከየት? ወዴት? ምን ጫንክ?» ሲሉ ኖሩ፤ ሰዉም ይመልስልዎ ነበር። ለምን አይመልስ? ኬላ ላይ ያለ ሰው ማዶ አለው። መልሶልዎት ያልፋል፤ የመለሰው እዚያው ረግፎ ይቀራል። ሸጋው ግን ማዶ የለውም። የመጣበት መንገድ ማብቂያው የእርስዎ ቤት ነው። በጥያቄ የፋቁት ሁሉ የሚሄድበት አጥቶ ከሥሩ ተጠቅጥቋል።

በመጣ ቀን እኔም በሩ ላይ ነበርኩ። ሻንጣውን ከትከሻው ሳያወርድ «ይበይን የት አለ?» አሉት። አፉን ከፍቶ ነበር፤ በዓይኔ አይቻለሁ። «ተናገር እንጂ!» ብለው ጮኹበት። ቀጭ ያለው ያኔ ነው። ትናንት ደግሞ በመስኮት አየሁት፤ እርስዎ «ተናገር» ባሉት ቁጥር እሱም በከንፈሩ፣ ድምፅ ሳያወጣ፣ «ተናገር» ይላል። የመጨረሻዋን ቃል ብቻ። ያን ጊዜ ነው ይህን ልነግርዎ የወሰንኩት።

ከቤት ቢያስወጡት መሮውን አነሡ ማለት ነው። የእትዬ ዘውዴም ልጅ ወሬ አብሮት ተሰክቶ ይቀራል። ሲወጣም ደስ የሚል ነገር ይሆናል አልልዎትም፤ ባዶ ታንኳ ሊሆን ይችላል። እትዬ ዘውዴ ግን ይህን ሳያውቁት አይቀሩም፤ ታንኳውን ስቦ የሚያስር ጉልበት አላቸው። ያጡት ጉሙን የሚያሻግር ድምፅ ነው።

እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ከሩቅ መንገድ የመጣ ሰው እግሩ ይታጠባል። እርስዎ ለማያውቁት እንግዳ እንኳ ሲያደርጉት አይቻለሁ። የሸጋውን እግር ማን አጠበው? ጥያቄው ቀድሞ ደረሰና ውኃው ተረሳ። «እስካሁን ከነጫማው ነው የሚተኛው፣ ሥርዓት የለውም» ያሉኝ እርስዎ ራስዎ ነዎት። ጫማው ውስጥ ምን እንዳለ ያውቃሉ?

ፀሐይዋ እየወረደች ነው፤ ተነሥተው ይሂዱ። ጥያቄዎን እዚህ እኔ ዘንድ ይተዉት፣ እጠብቅልዎታለሁ። ገብተው ውኃ ያሙቁ፤ እንዳይፈላ፣ እግር በሚችለው ልክ። ዝቅ ይበሉና ጫማውን ያውልቁለት። ሲቀዘቅዝ ሙቅ ይጨምሩ፤ ሲጠቁር ይድፉና ይቀይሩ። ነገም፣ ከነገ ወዲያም። አንድ ቀን ከወደ ላይ እስትንፋስ የምታህል ድምፅ ብትመጣ፣ ጋሽ ደምረው፣ ቀና ብለው «ምን አልክ?» እንዳይሉት።