አራት ስም በአራት ምስማር

በአንድ ወቅት፣ ወይራ አምባ በምትባል ከተማ፣ አንዲት ሴት ሁለት ሰው እያየች «አራት አሉ» አለች። ያቺ ሴት እኔ ነኝ። የቀረውን ግን እንደ ሌላ ሰው ነገር ልተርከው፤ አለዚያ ለራሴ ማድላቴ አይቀርም።

ትርሲት የወይራ አምባ እሳት አደጋ ጣቢያ ስልክ ተቀባይ ነበረች። ከስልኩ በላይ አራት ምስማር ያለው የእንጨት ሰሌዳ ተሰቅሏል። ተረኛ ሲገባ ስሙ የተጻፈበትን ቆርቆሮ ያንጠለጥላል፤ ሲወጣ ያወርዳል። የአገሪቱ መመሪያ አንድ ነው፦ አራት ሰው ካልሞላ መኪናው አይወጣም፤ ሁለት ሰው ደጅ ሳይቆም ማንም የሚነድ ቤት አይገባም። ከተማዋም የራሷ ሕግ ነበራት፦ የእድር ጥሩምባ ተነፍቶ ለቀብር የሄደ እንደቀረ አይቆጠርም፤ ቆርቆሮውም አይወርድም። ምክር ቤቱ «ሬሳችንን መመሪያ አይቀብርልንም» ብሎ በቃለ ጉባኤ አጽድቆታል።

አንድ ሐሙስ ረፋድ ላይ ጥሩምባ ተነፋ። ከአራቱ ተረኞች ሁለቱ ነጠላቸውን ለብሰው ወጡ፤ ዋኘውና እንድሪስ ቀሩ።

«ትርሲትዬ፣ እሳት ከደወለ ቀብር ላይ ናቸው፣ ማታ ብቅ በል በይው» አለ ዋኘው።

«አፍህን ያዝ፣ ሟርተኛ!»

ስድስት ሰዓት ላይ ስልኩ ጮኸ። የልብስ ሰፊው የጋሽ ንጋቱ ቤት ተያይዟል፤ ሽማግሌው ጓዳ ውስጥ ናቸው፤ ግድግዳ የሚጋራቸው ሱቅ ደግሞ ቤንዚን በጀሪካን ይቸረችራል። ትርሲት ማዘጋጃ ቤት ስብሰባ ላይ ለነበረው ለጣቢያው ኃላፊ ለአቶ ደምሰው ደወለች።

«ስንት ሰው አለ?» አላት።

ሰሌዳውን አየች፤ አራት ስም። ግቢውን አየች፤ ሁለት ሰው። «ሁለት» ብትል መኪናው እንደሚቆም፣ ከጎረቤት ከተማ ሌላ እንደሚጠራ፣ ያም አርባ ደቂቃ እንደሚፈጅ ታውቃለች።

«አራት» አለች።

«ይውጣ! እኔም እዚያው እደርሳለሁ።»

አራት ካሉ የጎረቤት መኪና ማን ይጠራል? ማንም አልጠራም። ትርሲትም ከስልኩ ሳትነሳ ዋለች፤ እዚያ የሆነውን የሰማችው በኋላ ነው።

ደምሰው ሲደርስ ሁለት ሰው አገኘ። ከዓመታት በፊት፣ በሌላ ከተማ፣ በጎደለ ቁጥር ወደሚነድ መጋዘን የገቡ ሁለት ባልደረቦቹን ቀብሯል። ስለዚህ አላመነታም። «ማንም አይገባም! ቤንዚኑ ከተያያዘ ሰፈሩ ሁሉ አመድ ነው፤ ቱቦውን ወደዚያ ግድግዳ!» አለ። ከዚያ ግድግዳም ዓይኑን አልነቀለም።

ዋኘው የዚያው ሰፈር ልጅ ነው፤ የመጀመሪያ ሱሪውን የሰፉለት ጋሽ ንጋቱ ናቸው። እሱም አላመነታም። «ጋሼ ሲያስሉ ይሰማኛል። ሳላቸውን እየሰማሁ ሰው አልቆጥርም» አለና ብርድ ልብስ ውሃ ነክሮ፣ ተከናንቦ፣ ብቻውን ገባ።

ዋኘው ሲዘገይ ደጅ የቆመ ተጠባባቂ አልነበረም። እንድሪስ ቱቦውን ለደምሰው ጥሎ ተከተለው። ዋኘው ሽማግሌውን በጓሮ መስኮት ሲያወጣ፣ በፊት በር የገባው እንድሪስ ላይ የጣሪያው ወራጅ እንጨት ወደቀበት። ዋኘው ተመልሶ ጎትቶ አወጣው። ደምሰው ቀብረኞቹ ሮጠው እስኪደርሱ ቱቦውን ብቻውን ታቅፎ ቆየ፤ ቤንዚኑ ሳይነካ ቀረ። ጋሽ ንጋቱ ተረፉ። ሰፈሩ ተረፈ። የእንድሪስ ቀኝ እግር ከጉልበቱ በታች ተቆረጠ።

ከሁለት ወር በኋላ ከተማው በቀበሌው አዳራሽ ተሰበሰበ። ሰሌዳው ተነቅሎ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። ጥያቄው አንድ ነበር፦ ከእንግዲህ ሰሌዳውን ማን ይያዝ? ስንት ሰው ይበቃል የሚለው ማን ይሁን?

ደምሰው ተነሳ። «ለእኔ ስጡኝ፤ በመመሪያው እይዘዋለሁ። አራት ብንሆን ኖሮ እንድሪስ ዛሬ በሁለት እግሩ ይቆም ነበር።»

«አራት እስክትሆኑ ጋሽ ንጋቱስ የት ይደርሱ ነበር?» አለ አንድ ሰው ከኋላ።

ዋኘው ተነሳ። «ለከተማው ልጆች ስጡን። አርባ ደቂቃ የሚጠብቅ እሳት አሳዩኝ፣ እኔም አብሬው እጠብቃለሁ።» አዳራሹ ሳቀ። እንድሪስ አልሳቀም።

ትርሲት ተነሳች። ዋኘው ነጠላዋን ጎተተ። «ተቀመጪ እንጂ፣ ማን ጠየቀሽ?»

«አልቀመጥም።» ቀብር የሄዱትን የሁለቱን ሰዎች ቆርቆሮ ጠረጴዛው ላይ አኖረች። «ሁለት እያየሁ አራት ያልኩት እኔ ነኝ። ልማዳችን ነው ብዬ አልደበቅበትም፤ አውቄ ነው ያልኩት። እውነቱን ብናገር ጋሽ ንጋቱ አይተርፉም ነበር። ስለዋሸሁ ሌላ መኪና አልተጠራም፤ እንድሪስም እግሩን አጣ። ሰሌዳው ለማንም ይሰጥ፤ እኔ ግን ያላየሁትን ሰው ዳግመኛ አልቆጥርም። ብታባርሩኝም ይኸው ነው ቃሌ።»

ጋሽ ንጋቱ ከአንገታቸው ሜትራቸውን አውልቀው ከቆርቆሮዎቹ አጠገብ አስቀመጡ።

«ልጆቼ፣ የእኔ ቀሪ ዕድሜ ከዚህ ልጅ እግር ጋር የሚለካ ከሆነ፣ ይኸው ሜትሩ። እናንተ ለኩ፤ እኔ አልችልም» አሉ።

እንድሪስ ክራንቹን አስተካክሎ ተነሳና እጃቸውን ይዞ አስቀመጣቸው።

እንግዲህ እናንተ ፍረዱ። ቁጥር ሳይሞላ አትግቡ ብሎ ሰፈሩን ላተረፈው ለደምሰው? ወይስ ቁጥር ሳይጠይቅ ገብቶ ሰው ላወጣው ለዋኘው? ሰሌዳው ለማን ይገባል? ያቺ «አራት» ያለች ሴትስ ከስልኩ ትነሳ ወይስ እዚያው ትቀመጥ?

ፍርዳችሁ ምንም ይሁን፣ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ፦ ይቅር በሉኝ።